ቤት ሻጮች ለራሳቸው ምን ይገዛሉ?

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምነግራችሁ ነገር አለ።

ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስሸጥ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሪል ስቴት ሽያጭ ክፍል ነበርኩ፤ አሁን ያለቁ ቤቶችን አሻሽጣለሁ። ሻጮቹን አውቃቸዋለሁ። ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ዕቁብ አብረን እንጥላለን፣ ማን ምን እንደገዛ እናውቃለን። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ባለ ሦስት መኝታ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን የሚያሳይ አፓርታማ ሲያስጎበኙ የሚውሉት እነዚያ ልጆች ለራሳቸው ሲገዙ ያንን ቤት አይገዙም።

ምን ይገዛሉ? እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ቢሮውን ላሳያችሁ።

ስትገቡ ማኪያቶ ይመጣል። መሐል ላይ በመስታወት የተሸፈነ የሕንፃው ሞዴል ቆሟል፤ ትንንሽ መብራቶቹ በርተዋል። ግድግዳው ላይ የየወለሉ ፕላን ተለጥፏል፤ የተሸጠው ላይ ቀይ ምልክት አለ። ቀዩ ይበዛል። «ከስድስተኛ ፎቅ በላይ ሁለት ብቻ ነው የቀረን» ትላችኋለች ልጅቷ። ልባችሁ ድው ይላል።

ቀዩ ሁሉ ግን አልተሸጠም። አንዳንዱ ለኋላ የተያዘ ነው፤ ዋጋ ሲጨምር ይወጣል። አንዳንዱ መሬቱን አምጥቶ ከኩባንያው ጋር በጋራ ያለማው ሰው ድርሻ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ይህቺን በደንብ ስሙኝ፣ ለብረት አቅራቢው ወይም ለአሉሚኒየም ሠራተኛው በገንዘብ ፋንታ የተሰጠ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ቤት አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ብር ነው። ስለዚህ በደላላ በኩል ቀስ ብለው ከቢሮው ዋጋ ዝቅ አድርገው ያወጡታል። ያው ሕንፃ፣ ያው ወለል፣ ያው በረንዳ። ማኪያቶ ብቻ የለውም። «እዚህ ሕንፃ ላይ የባለመሬት ወይም የአቅራቢ ድርሻ አለ?» ብላችሁ ለሰፈሩ ደላላ ጣል አድርጉለት። ፊቱን ስታዩት መልሱን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወደ ናሙናው ቤት ይወስዷችኋል። ሲያምር! ሰፊ፣ ብሩህ፣ ነፋሻማ። ለምን እንደሚሰፋ ልንገራችሁ? የመኝታ ቤቶቹን በር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አልተገጠመም፤ በር ሲከፈት የሚበላው ቦታ አይታያችሁም። ቁም ሣጥን የለም። አልጋው ከተለመደው አጠር ብሎ በትዕዛዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ማድ ቤቱ ላይ ፍሪጅ ተቀምጦ ካያችሁ አጠገቡ ምድጃ የት እንደሚገባ ጠይቁ። እኔ ደንበኛዬን ይዤ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር አይጠፋም። ሜትር ያየ ሻጭ አነጋገሩ ወዲያው ይስተካከላል።

የካሬውን ነገር ደግሞ ማንም በግልጽ አይነግራችሁም። 110 ካሬ ብለው የሚሸጡላችሁ ቤት ውስጥ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ሊፍቱ በድርሻችሁ ተደምረዋል። ግሮስ ይሉታል። የእናንተ የሆነው፣ ቁልፍ የምትቆልፉበት፣ ኔቱ ነው። የጋራው 20 በመቶ ከሆነ በእጃችሁ የሚቀረው 88 ካሬ ነው። በካሬ 100 ሺህ ብር ብንገምት ለኮሪደርና ለደረጃ 2.2 ሚሊዮን ብር ከፈላችሁ ማለት ነው። ለጋራ ቦታ መክፈል ጥፋት የለውም፤ ሕንፃ ያለ ደረጃ አይቆምም። ግን ሁለት ሕንፃ ስታወዳድሩ ኔቱን ከኔቱ አወዳድሩ። ውሉ ላይም የተጻፈው የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ፈርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር። በሩን ዝጉት።

ሻጯ ኮሚሽኗን መቼ የምታገኝ ይመስላችኋል? ቤቱ አልቆ ቁልፍ ስትረከቡ? አይደለም። በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ቅድመ ክፍያችሁ ባንክ እንደገባ የእሷ ሒሳብ ተዘግቷል። ኮሚሽኑ የሚሰላው ደግሞ በጠቅላላው ዋጋ ነው። ባለ ሦስት መኝታ ከባለ አንዱ በእጥፍ ይበልጥላታል። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ኪራይ አለባት፣ ታናናሾቿን ታስተምራለች። ነገር ግን «ለምን በትንሽ ቤት ጀምራችሁ ትንገላታላችሁ፣ አንዴ የምትመኙትን ገዝታችሁ አትገላገሉም?» ስትላችሁ ምክሩ ከየት እንደሚመጣ እወቁት።

ምክሩ ጆሯችን ውስጥ ቶሎ የሚገባውም በምክንያት ነው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የያዘ ሁሉ ትርፉ ተወርሶበታል። ከዚያ በኋላ ያደግነው «ቤት አንድ ነው፣ አንዴ ነው» እየተባልን ነው። ልጅ የሚዳርበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ የሚሞቱበት። ሰው በሠላሳ ዓመቱ የስድሳ ዓመቱን ቤት ካልገዛሁ ይላል።

የሚገርመው ግን እናቶቻችን ቤቱን የሠሩት እንዲህ አልነበረም። ማኅበር ገብተው መሬት ያገኙት ሰዎች መጀመሪያ ከጓሮ ሰርቪሱን ሠሩ። እዚያው ገቡ፣ ልጅ ወለዱ። ዓመት ቆጥረው የዋናውን ቤት መሠረት አወጡ፣ ሌላ ዓመት ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን። ወደ ዋናው ቤት ሲዛወሩ ሰርቪሱን አከራዩ፤ ኪራዩ ሴራሚኩን ገዛ። ደረጃ በደረጃ ማደግ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም፤ እዚሁ ጓሯችን የነበረ ነው። ዛሬ መሬቱ ስለጠፋ ነው እንጂ ብልሃቱ አላረጀም።

«10 በመቶ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችኋል? 10 በመቶ የከፈለ ሰው የያዘው ውል ነው፤ ቤት አልያዘም። ካርታው በኩባንያው ስም ነው። አንዳንዴም ካርታው ባንክ ቤት ለብድር ተይዟል። ይህን ቢሮው ውስጥ ማንም ቀድሞ አያነሳላችሁም። «ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚል ማረጋገጫ አሳዩኝ» በሉ። ቃሉን ስትናገሩ ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቀና ይላል፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሌላም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ቢሮው ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣችሁ የምትፈርሙትና ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ የምትፈርሙት አንድ አይደሉም። የኋለኛውን ጠይቁ።

ውሉን ስታነቡ ሁለት ቦታ ቁሙ። አንደኛው የማስረከቢያው ቀን ነው። ከቀኑ ቀጥሎ የእፎይታ ጊዜ ይኖራል፣ ከእሱ ቀጥሎ «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» ይመጣል። እዚያ ውስጥ የሲሚንቶ እጥረት፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ ከተዘረዘሩ የማስረከቢያ ቀን የላችሁም። ሁለተኛው የዋጋ ክለሳው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀሪ ክፍያቸው በዶላር ተሰልቶ የተጻፈ ሰዎች ያን ሰሞን ስልካቸውን ማንሳት ፈርተው ነበር። ውሉን ሲፈርሙ ያቺን መስመር ያነበበ ጥቂት ነው። በትንሽ ፊደል፣ ከመጨረሻው ገጽ ቀደም ብላ ነው የምትቀመጠው።

አሁን አንዲት ሴት ልንገራችሁ፤ ስሟን አልጠራም። ከዱባይ የመጣች ናት። ዓመታት የሰው ልጅ አሳድጋ ያጠራቀመችውን ይዛ ነው የገባችው። ባለ ሦስት መኝታ ነበር የምትፈልገው፤ አንዱ ለእናቷ፣ አንዱ ለወንድሟ፣ አንዱ ለእሷ። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተንላት ጣቷን ከሳሎኑ አስነስታ በኮሪደሩ አልፋ ማድ ቤቱ ላይ አቆመችው። «እዚህ ጋ ቡና አፈላለሁ» አለች። ቅድመ ክፍያው እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ቀሪውን በየስድስት ወሩ ከደመወዟ ልትልክ ነው። እስከዚያው እናቷ ኪራይ ቤት ናቸው፤ ኪራዩንም የምትከፍለው እሷው ናት።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰበረው። የቤቱ ዋጋ አይደለም ሰውን የሚጥለው፤ ኪራይና ክፍያ በአንድ ደመወዝ ላይ ሲወድቁ ነው። ግንባታው ቢዘገይ የኪራዩ ዘመን ይረዝማል፣ ክፍያው ግን አይጠብቅም። ብዙ ውል ውስጥ ሁለት ክፍያ ያሳለፈ ደንበኛ ውሉ እንዲፈርስበት የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፤ ከከፈለው ላይም ቅጣት ይቆረጣል። በገበያው ውስጥ «ውል አስተላልፋለሁ፣ ቸኩያለሁ» የሚሉ ሰዎችን ስታዩ ከኋላቸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ።

እሷን ዞር አድርጌ ገርጂ አካባቢ ያለ፣ ያለቀ፣ ካርታ የወጣለት ባለ ሁለት መኝታ አሳየኋት። ጥቂት ብር ከዘመድ ተበደረች፤ ገዛች። እናቷ በወሩ ገቡ። ኪራዩ ቆመ። ከቆመው ኪራይ ብድሩ ተከፈለ። ቡናው ሳሎን ይፈላል፤ ማድ ቤቱ ጠባብ ነው።

እንግዲህ ሻጮች ለራሳቸው የሚገዙት ይህንን ነው። ያለቀ። ትንሽ። ካርታ ያለው። ታክሲ የሚደርስበት።

ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ብልሃት አለ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ይመርጣሉ፤ ባለ አራት ፎቆቹ ሊፍት የላቸውም፣ ውሃም ሲደክም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ጣሪያው ላይ ሮቶ ስንት እንዳለ ይቆጥራሉ። በሰኔና በሐምሌ ነው የሚያዩት፤ ዝናብ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ ይናገራል። የነዋሪዎች ማኅበሩን ሊቀመንበር ያናግራሉ፤ ማኅበሩ የተጣላበት ሕንፃ ጥበቃም የለው፣ መብራትም የለው። «ሰሚ ፊኒሽድ» የተባለ ቤት ሲቀርብላቸው ወረቀት አውጥተው በሩን፣ ሴራሚኩን፣ ኪችን ካቢኔቱን፣ የመታጠቢያ ዕቃውን በየተራ ይደምሩታል። ብዙ ጊዜ ርካሹ ቤት ውድ ሆኖ ይወጣል።

በውክልና ከሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ግን ይሸሻሉ። የ20/80 ቤት የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ሰው ብሩን ተቀብሎ ውክልና ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ አዎ። ግን ውክልና የሰጪው ሰው ሕይወት ሲያልፍ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ወራሾች በሩን ያንኳኳሉ። ከፍላችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ልጅ አሳድጋችሁበት።

ካርታ ለምን አጥብቄ እንደምደጋግም ይገባችሁ ይሆናል። ቀጣዩን ቤት የሚገዛላችሁ እሱ ነው። አገራችን ውስጥ የቤት ብድር እንደ ልብ አይገኝም፤ ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክ እንኳ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። ያም ሆኖ ባንክ መያዣ ይጠይቃል፣ መያዣ ማለት ካርታ ነው። የባለ ሁለት መኝታዋን ካርታ ይዞ የሄደ ሰው ወንበር ይሳብለታል። 10 በመቶ የከፈለበትን ውል ይዞ የሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ግን ደግሞ እዚህ ላይ የደላሎቹንም ጨዋታ ልንገራችሁ፤ ሁሉንም በሪል ስቴቱ ላይ አልጥልም። ደላላ ብዙ ጊዜ እንድትለዋውጡ ይፈልጋል። ስቱዲዮ ግዛ፣ ሽጥ፣ ባለ አንድ ግዛ፣ ሽጥ፣ ባለ ሁለት ግዛ። በየመዞሪያው በተለምዶ ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት ፐርሰንት ይወስዳል። ገዢው በመንግሥት ግምት ላይ ለዓመታት ስንከፍለው የኖርነው 4 በመቶ አሹራና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለበት። ሻጩ ላይ ከትርፉ የሚታሰብ ግብር ሊኖር ይችላል። የቀለሙ፣ የመጋረጃው፣ የዕቃ ማጓጓዣው ለብቻው። ሦስት ጊዜ ከተገላበጣችሁ አንድ መኝታ ቤት መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻገሩ፤ ከትንሿ ወደምትፈልጉት። ትንሿን ስትገዙም አምስት ስድስት ዓመት የምትችሏት ትሁን። ልጅ ሊመጣ ከሆነ ስቱዲዮ አትግዙ።

መሻገሪያዋም ብልሃት አላት። ሸጣችሁ ብሩን ባንክ አስቀምጣችሁ ቤት ፍለጋ አትውጡ። ዋጋ አይጠብቃችሁም፤ እኔ በሦስት ወር ውስጥ ከባለ ሦስት መኝታ ወደ ባለ ሁለት የወረደ ሰው አውቃለሁ፣ ብሩ እጁ ላይ እያለ። የምትገዙትን መጀመሪያ ለዩ፣ ከሻጩ ጋር ዋጋ ጨርሱ፣ የራሳችሁን ስትሸጡ ውሉ ላይ ረዘም ያለ የማስረከቢያ ጊዜ አስገቡ። ሁለቱን ፊርማ በአንድ ሳምንት አድርጉት። ትንሿን ያከራያችኋት ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ተከራይ ያለበትን ቤት ደላላ ሁሉ ዋጋ ይጥልበታል። ሳታከራዩ በፊት የምትሸጡበትን ዓመት አስቡ።

የምትመኙትን ቤት አሁኑኑ መግዛት ልክ የሚሆንበት ጊዜስ የለም? አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም። ገንዘቡ አብዛኛው እጃችሁ ላይ ከሆነ፣ ቤቱ ቢያንስ ግድግዳው ቆሞ ሊፍቱ ተገጥሞ በዓይናችሁ ካያችሁት፣ ኪራይ የማትከፍሉ ከሆነ፣ አትቆዩ። አረጋዊ ወላጅ አብሯችሁ ካለም ሁለት ጊዜ ዕቃ ማንሳት ለእሳቸው ጭንቅ ነው፤ አንዴ ይግቡና ይረፉ። እንዲህ ላለ ሰው ትንሽ ቤት አልሸጥም፤ ትልቁን አሳይቼ ዋጋውን አብሬው እከራከራለሁ።

የማልወደው ሌላ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ። «ገበያው ይረጋጋ፣ ከምርጫው በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ» እያለ ኪራይ የሚከፍል ሰው። ከሁለቱም መንገድ የወጣ እሱ ነው፤ በየዓመቱ ያጠራቀመው ብር የሚገዛው ካሬ እያነሰ ይሄዳል። ሁለት ሰው ሲከራከር እሰማለሁ፣ ትልቁን አሁን ወይስ ትንሹን አስቀድሞ እያሉ፣ ክርክሩ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እኔ ሁለቱንም የምለምነው ዘንድሮ የሆነ ካርታ እንዲይዙ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ቃል ላክልበት። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ሲደረግ ሪል ስቴቶች ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ። ናፍቆት ባለበት ቦታ ቤት በደንብ ይሸጣል፤ ሽያጭ ክፍሉ ይህን ያውቃል። ዘፈኑ እየተሰማ፣ ክትፎው እየሸተተ አትፈርሙ። አዲስ አበባ ያለ የምታምኑትን ሰው ሳይቱ ድረስ ላኩት። ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ያንሳላችሁ፤ ክሬኑ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ሠራተኛ አለ ወይ፣ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት። ሄዶ ዘበኛውን ያናግር። ግንባታ ቆሞ ከሆነ ከማንም በፊት የሚያውቀው ዘበኛው ነው።

እና ለሁላችሁም፣ ትልቁንም ግዙ ትንሿን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት «ውሉን ቤቴ ወስጄ ላንብበው» በሉ። በቀላሉ የሚሰጧችሁ አሉ፤ እነሱ ጋ ተመለሱ። «ከፍላችሁ ነው የምትወስዱት» ካሏችሁ ማኪያቶውን አመስግናችሁ ውጡ።